ከዲሲ እስከ ፒትስበርግ በብስክሌት፦ መኪናውን የት እናቁም?

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ የሚዘልቀው የሲ ኤንድ ኦ ካናል ዳር መንገድ 184.5 ማይል ነው። ከምበርላንድ ላይ ግሬት አለጌኒ ፓሴጅ ይቀበለዋል። ባጭሩ ጋፕ የሚባለው ይህ መንገድ ሌላ 150 ማይል ሄዶ ፒትስበርግ መሀል ከተማ ይገባል። ሁለቱ ሲደመሩ ወደ 540 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ ይህን ሁሉ ከሞላ ጎደል ከመኪና ጋር ሳይጋፉ መሄድ ይቻላል። በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በአሌክሳንድሪያና በዲሲ ለሚኖር ሐበሻ መንገዱ ከደጁ ነው ማለት ይቻላል።

ጉዞው ላይ ራስ የሚያዞረው ግን ፔዳል መምታቱ ሳይሆን መኪናው ነው። ማቆሚያው ሲመሽ በሩ ይቆለፋል፣ መኪናው ቶው ይደረጋል፣ ወይም ተጓዡ 60 ማይል ርቆ ከወረደ በኋላ መመለሻ ያጣል። ከታች ያለው ይህን ለማስቀረት ነው።

ለማንበብ እንዲመች ሁለት ነገር አስቀድመን እንበል። የካናሉ ማይል የሚቆጠረው ከጆርጅታውን ነው፤ የጋፕ ማይል ደግሞ ከከምበርላንድ እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ሰዓቶቹን የጻፍናቸው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው፤ የማቆሚያ ምልክትና የባቡር ትኬት የሚያወራው በዚያ ስለሆነ ነው።

መጀመሪያ መመለሻውን ወስኑ

ካርታ ላይ ማቆሚያ ከመፈለጋችሁ በፊት ከጨረሳችሁበት ቦታ ወደ መኪናችሁ በምን እንደምትመለሱ ቁረጡ። ያሉት መንገዶች አራት ናቸው፤ ማቆሚያው የሚመረጠውም በእነሱ ነው።

አንደኛው ደርሶ መልስ ነው። ቀላሉና ርካሹ ይሄ ነው። ካናሉ ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ በ74 ሎኮች (ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚደረግባቸው የውሃ በሮች) የሚወጣው 605 ጫማ ብቻ ስለሆነ ሽቅብና ቁልቁል ብዙ ለውጥ አያመጣም፤ ፍጥነታችሁን የሚወስነው ጭቃና ነፋስ ነው። ጋፕ ላይ ነገሩ ይለያል። ከከምበርላንድ ወደ ምዕራብ 23.7 ማይል ሙሉ እየወጣችሁ 2,392 ጫማ ከፍታ ያለው የምሥራቅ አህጉራዊ የውሃ ከፋይ (የዝናብ ውሃን ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚለየው የተራራ ጫፍ) ላይ ትደርሳላችሁ። ከከምበርላንድ ደርሶ መልስ ካቀዳችሁ ድካሙ በመሄጃው፣ እረፍቱ በመመለሻው ይሆናል፤ እንዲህ መሆኑም ጥሩ ነው። መኪናውን ከፍታው ላይ አቁማችሁ ወደ ታች ከጀመራችሁ ግን ሽቅቡ ለደከመ እግር ይቀራል።

ሁለተኛው ሁለት መኪና ነው። ለቤተሰብና ለጓደኛሞች ይስማማል፤ ዝርዝሩ ከታች ለብቻው አለ።

ሦስተኛው ባቡር ነው። አምትራክ ዋሽንግተንን፣ ሃርፐርስ ፌሪን፣ ከምበርላንድን፣ ኮነልስቪልንና ፒትስበርግን ያገናኛል። ማርክ የሚባለው የሜሪላንድ የሠራተኛ ባቡር ደግሞ ከዩኒየን ስቴሽን በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ፖይንት ኦፍ ሮክስ፣ ብረንዝዊክና ሃርፐርስ ፌሪ ይደርሳል።

አራተኛው ማመላለሻ መቅጠር ወይም የአንድ መንገድ መኪና መከራየት ነው። ለማመላለሻ የበጋ ቅዳሜና እሁድ ቀድሞ ይሞላል። ኪራይ ከመረጣችሁ በትንንሽ ከተሞች ያሉ ቢሮዎች እሁድ ዝግ ሊሆኑ፣ ቅዳሜም ቀትር ላይ ሊዘጉ እንደሚችሉ አትርሱ። የጉዞው ማብቂያ እሁድ ከሆነ መኪናውን ዓርብ ከመነሳታችሁ በፊት በስልክ አረጋግጡ። ሚኒቫን የፊት ቸርኬያቸው የወለቀ ሦስት ብስክሌቶችን ያለ መያዣ ይችላል።

ምክራችንን አንድ ብቻ አድርጉ ካላችሁን፣ በተቻለ መጠን መኪናው በጉዞው መጨረሻ ላይ ይጠብቃችሁ። መጀመሪያ መኪናውን መድረሻው ላይ አቁሙ፣ በባቡር ወይም በማመላለሻ ወደ መነሻው ሂዱ፣ ከዚያ ወደ መኪናችሁ እየነዳችሁ ኑ። ጎማ ፈንድቶ፣ ዝናብ ይዟችሁ አራት ሰዓት ብትዘገዩ የሚያመልጣችሁ ባቡር የለም። በተቃራኒው ካደረጋችሁት የመጨረሻው ቀን ከሰዓት ጋር እሽቅድድም ይሆናል።

ማቆምና ማሳደር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ማቆሚያው ነጻ መሆኑና መኪናው እንዲያድር መፈቀዱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በካናሉ ዳር ያሉ በርካታ ማቆሚያዎች የቀን ብቻ ናቸው። አንዳንዶቹ ሲመሽ የሚቆለፍ የብረት በር አላቸው፤ ሌሎቹ በር ባይኖራቸውም ጠባቂው ማታ ሲዞር የቆመ መኪና ካየ ቲኬት ይጽፋል ወይም ባለቤቱ ጠፋ ብሎ ፍለጋ ይጀምራል።

ስለዚህ ከአንድ ሌሊት በላይ የምትሄዱ ከሆነ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ደውሉ። ካናሉን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ነው። ጋፕ ላይ ግን ማቆሚያው የከተማው፣ የስቴት ፓርኩ ወይም የአካባቢው የመንገድ ማኅበር ሊሆን ስለሚችል ምልክቱ ላይ ያለውን ስም አይታችሁ ለዚያው ደውሉ። ስልኩ ላይ አራት ነገር ጠይቁ፦ በዚህ ስም በተጠራ ማቆሚያ መኪና ማሳደር ይቻላል ወይ? እስከ ስንት ሌሊት? ማስመዝገብ ወይም መስኮት ላይ የሚቀመጥ ወረቀት ያስፈልጋል ወይ? በሩ የሚቆለፍበት ሰዓት አለ ወይ? ያነጋገራችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ። መኪናው ቶው ቢደረግ የምትከራከሩት በዚያ ነው።

መስኮት ላይ ወረቀት አስቀምጡ ካሏችሁ የጠየቁትን ብቻ ጻፉ። የመመለሻ ቀን ካልጠየቁ አትጻፉት፤ ለሌባ ጥሪ ማስተላለፍ ነው። የቤት አድራሻም አያስፈልግም።

ዲሲና አካባቢው

ጆርጅታውን ራሱ መኪና ለማቆም መጥፎ ቦታ ነው። የማይል ዜሮ ምልክት ያለው ከቶምፕሰን ጀልባ ቤት ኋላ፣ ሮክ ክሪክ ፖቶማክ ወንዝ ላይ በሚገባበት አፍ ላይ ነው። እዚያ ያሉት ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ በዙሪያው ያለው የመንገድ ዳር ማቆሚያም በሰዓት የተገደበ ነው። መኪናችሁን ለቀናት የምትተዉ ከሆነ ጆርጅታውንን እርሱት።

ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰው መኪና ጭራሽ ላያስፈልገው ይችላል። በሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ ቁልቁል ብትነዱ በግምት 10 ማይል በኋላ የምትወጡት ማይል ዜሮ አጠገብ ነው። ከቤተስዳ የሚነሳው የካፒታል ክሬሰንት መንገድም ጆርጅታውን ይገባል፤ ከቤተስዳ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ክፍሉ ግን ለፐርፕል ላይን ባቡር ግንባታ በ2017 ስለተዘጋ በአሮጌ ካርታ አትመሩ። ከአሌክሳንድሪያ የሚነሳ በማውንት ቨርኖን መንገድ ወንዙን ተከትሎ ሄዶ በኪ ድልድይ ይሻገራል። ሜትሮም ብስክሌት በማንኛውም ሰዓት ይቀበላል፤ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ሳይሆን በሊፍት ግቡ፣ የፉርጎውን መሀል በር ትታችሁ በዳር በሮች ተሳፈሩ።

በመኪና መምጣት ካለባችሁ ከጆርጅታውን ወጣ ያሉት እነዚህ ናቸው።

ፍሌቸርስ ኮቭ፣ ማይል 3.1። ነጻ ነው፣ ለቀን ብቻ። መግቢያው ካናል ሮድ ላይ ከአሮጌው የድንጋይ ቤት አጠገብ ነው፤ ጠባብና ቁልቁል ነው። ወደ ታችኛው ማቆሚያ የሚወስደው ካናሉን በሥር የሚያቋርጥ ዝቅተኛ ዋሻ አለ። ፖርቶ መጋላ ላይ ብስክሌት አቁማችሁ ከመጣችሁ ከዋሻው በፊት ቆማችሁ አውርዱ። ይህን የዘነጋ ሰው የሚሰብረው ብስክሌቱን ብቻ አይደለም፤ የመኪናውን ጣሪያም ይቀዳል። ሌላው ነገር ካናል ሮድ በሥራ ቀን መውጫና መግቢያ ሰዓት ባለ አንድ አቅጣጫ ይሆናል፦ ጠዋት ወደ ከተማ፣ ከሰዓት በኋላ ከከተማ ወደ ውጭ። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ ይህን ሁልጊዜ በትክክል አይነግራችሁም፤ የመንገዱን ምልክት አንብቡ። ክላራ ባርተን ፓርክዌይም ለከተማው የቀረበው ክፍሉ ላይ እንዲሁ ነው።

ካርዴሮክ፣ ከማይል 10 ትንሽ አለፍ ብሎ። ከቀለበት መንገዱ ከ495 ቅርብ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ነጻ ነው፣ መጸዳጃ ቤት አለው። ልጆች ይዞ ለሚመጣ ቤተሰብ ከሁሉም የምንመርጠው ይህንን ነው።

ግሬት ፎልስ፣ ማይል 14.3። ፏፏቴው ስላለ ሰው ይበዛበታል። መግቢያው በመኪና 20 ዶላር ነው፣ በካርድ ብቻ ይከፈላል፤ ዓመታዊው የብሔራዊ ፓርኮች ካርድ ያለው አይከፍልም። ፀሐያማ ቅዳሜ ወይም እሁድ ከ10 ሰዓት በኋላ ከመጣችሁ በር ላይ ረጅም ሰልፍ ይጠብቃችኋል። ሲመሽ ይዘጋል፤ መኪና ማሳደሪያ አይደለም።

ስዌይንስ ሎክ (16.6)፣ ፔኒፊልድ (19.7) እና ቫዮሌትስ ሎክ (22.1) በጠባብ መንገድ መጨረሻ ላይ ያሉ ትንንሽ የጠጠር ማቆሚያዎች ናቸው። ካያክ ከሚጭኑ ሰዎች ጋር ትሻማላችሁ፤ ከ9 ሰዓት በፊት ድረሱ። ሞልቶ ካገኛችሁት መንገዱ ዳር አታቁሙ፣ ወደሚቀጥለው ሂዱ።

ለብዙ ቀን ጉዞ ዲሲ ውስጥ መኪና መተው ካለባችሁ የሚሻለው ዩኒየን ስቴሽን ጀርባ ያለው ፎቅ ማቆሚያ ነው። ርካሽ አይደለም። ነገር ግን ከባቡሩ ጋር አንድ ግቢ ነው፤ ከጆርጅታውን ማይል ዜሮ እስከዚያ በወንዙ ዳርና በናሽናል ሞል በኩል 4 ማይል ያህል ብቻ ነው። ፎቅ ማቆሚያ ሁሉ የከፍታ ገደብ አለውና ጣሪያ ላይ የተጫነ ብስክሌት ይዛችሁ አትግቡ።

ከፖይንት ኦፍ ሮክስ እስከ ሃንኮክ

ለአንድ ቀን ከዲሲ ወጣ ብሎ መንዳት ለሚፈልግ ይህ ክፍል የመንገዱ ምርጥ ነው።

የሞኖካሲ ድልድይ ቦይ (42.2) ሥር ያለው ማቆሚያ ጸጥ ያለ ነው። ኋይትስ ፌሪ (35.5) ላይም ቦታ አለ፤ ጀልባው ግን በ2020 መጨረሻ ሥራ አቁሟልና የቆየ መመሪያ አንብባችሁ «በጀልባ ቨርጂኒያ እሻገራለሁ» ብላችሁ አታቅዱ። ፖይንት ኦፍ ሮክስ (48.2) እና ብረንዝዊክ (55) ሁለቱም የማርክ ባቡር ጣቢያ አላቸው።

ብረንዝዊክን ጠለቅ ብለን እንየው፤ ለዲሲ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነው። ከተማው ከሐዲዱ በላይ ነው፣ የካናሉ መንገድ ከሐዲዱ በታች። በመሀሉ ብዙ ሐዲዶችን ጎን ለጎን ማቋረጥ አለባችሁ። የጭነት ባቡር መጥቶ መሻገሪያው ላይ ሲቆም መቼ እንደሚንቀሳቀስ የሚነግራችሁ የለም። በፉርጎዎቹ መሀል ወይም ሥር ብስክሌት አሾልኮ ለማለፍ ፈጽሞ አትሞክሩ፤ ባቡሩ ሳያስጠነቅቅ ይነቃነቃል። ማርክ ለመያዝ ወደ ጣቢያው የምትመለሱ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ለመሻገሪያው ብቻ ጨምሩ። ጎማችሁ ሐዲዱ ክፍተት ውስጥ እንዳይገባ ወርዳችሁ፣ ቀጥ ብላችሁ አቋርጡ።

በማርክ የሚሠራው ዘዴ እንዲህ ነው። ባቡሩ የሚሄደው በሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ከሰዓት በኋላ ከዲሲ ወደ ውጭ። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሲልቨር ስፕሪንግ ተሳፍራችሁ ብረንዝዊክ ትወርዳላችሁ፣ እዚያ ታድራላችሁ፣ ቅዳሜ 55 ማይል ወደ ጆርጅታውን ትነዳላችሁ፣ ከዚያ በሜትሮ ቤታችሁ ትገባላችሁ። መኪና የለም፣ የማቆሚያ ጭንቀትም የለም። የማይታጠፍ ብስክሌት የሚጫነው የብስክሌት ፉርጎ ባላቸው ባቡሮች ብቻ ስለሆነ የጊዜ ሰሌዳው ላይ ምልክቱን አይታችሁ ቁጥሩን ያዙ።

ሃርፐርስ ፌሪ (60.7) ውብ ከተማ ነው፤ ለማቆም ግን አይመችም። የካናሉ መንገድ ያለው በሜሪላንድ በኩል ነው፤ ከተማው ማዶ ዌስት ቨርጂኒያ ነው። የእግረኛው ድልድይ ጋ ለመድረስ ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ አለ፤ ብስክሌቱን ከነሻንጣው መሸከም ግድ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ሻንጣዎቹን ፍቱና ሁለት ዙር አድርጉት፤ ከነጭነቱ ለማውጣት የሚሞክር ሰው ደረጃውን ይዘጋል፣ ወገቡንም ይቀጫል። በሜሪላንድ በኩል ሳንዲ ሁክ ሮድ ላይ ዳር ይዞ ማቆም ቲኬት ያስጽፋል፣ ቶው ያስደርጋል። ከዚያ ይልቅ ብረንዝዊክ አቁማችሁ 6 ማይል ያህል ንዱ።

ዊሊያምስፖርት (99.4) ጥሩ ማዕከል ነው፦ ከ81 አውራ ጎዳና ቅርብ፣ የፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል ያለው፣ ምግብ ቤት የሚገኝበት ከተማ። ከእሱ ወደ ሃንኮክ (124) 25 ማይል ያህል ነው፤ ለሁለት መኪና ዘዴ ልክ የአንድ ቀን ርቀት።

ሃንኮክ የዝናብ ቀን መፍትሔ ነው። የካናሉ መንገድ አፈርና ደቃቅ ጠጠር ስለሆነ ሲዘንብ ይላቁጣል፤ ጭቃው በፍሬንና በጭቃ መከላከያ መሀል ገብቶ ቸርኬውን ይይዘዋል። ጎን ለጎኑ የሚሄደው የምዕራብ ሜሪላንድ የሐዲድ መንገድ ግን አስፋልት ነው፤ ከቢግ ፑል ጀምሮ በሃንኮክ አልፎ እስከ ሊትል ኦርሊንስ 28 ማይል። ሃንኮክ ላይ አቁሙ፣ ጭቃውን በዚህ አልፉት።

ፖ ፖ ዋሻ ለማየት ብቻ የሚመጣ ሰው ከወንዙ ማዶ ካለው ፖ ፖ ከተማ አጠገብ፣ በሜሪላንድ 51 ላይ ያለውን ማቆሚያ ይጠቀም። ዋሻው 3,118 ጫማ ነው፣ መብራት የለውም፤ መንገዱ ጠባብና ጎርበጥባጣ ስለሆነ ከብስክሌት ወርዶ በባትሪ መሄድ ይሻላል። በዚህ አካባቢና በሊትል ኦርሊንስ የስልክ አገልግሎት ደካማ ነው፤ «እደውልልሃለሁ» ተባብላችሁ ቀጠሮ አታድርጉ፣ ሰዓትና ቦታ ቆርጣችሁ ተለያዩ።

ከምበርላንድ

ሁለቱ መንገዶች የሚገናኙበት ነውና መኪና ለመተው ከሁሉ የተሻለው ከተማ ነው። ከዲሲ በመኪና ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ፣ ከፒትስበርግ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ካናል ፕሌስ በሚባለው አካባቢ፣ በ68 አውራ ጎዳና ድልድይ ሥር ያለውን ማቆሚያ የብዙ ቀን ተጓዦች ይጠቀሙበታል። ድልድዩ ለመኪናው ጥላ ነው፤ የካናሉ ማብቂያና የጋፕ መጀመሪያ በእግር ደቂቃዎች ናቸው። በበዓልና በኮንሰርት ቀናት ሰፈሩ ስለሚዘጋጋ ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ ሳምንት ዝግጅት አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የአምትራክ ጣቢያው ጥቂት ብሎኮች ርቆ ነው ያለው።

ከዚህ ሆኖ በአንድ ቀን የሚሠራ ግሩም ዙር አለ። መኪናውን ከምበርላንድ ትተዋላችሁ፤ ማመላለሻ ማየርስዴል (ጋፕ ማይል 32) ያደርሳችኋል። ከዚያ 8 ማይል ያህል ቀስ ብላችሁ ወጥታችሁ የውሃ ከፋዩን ታልፋላችሁ፣ 3,294 ጫማ በሚረዝመው ቢግ ሳቬጅ ዋሻ ትገባላችሁ፣ ከዚያ ቁልቁል ብቻ ነው። ከ16 ዓመት ልጅ እስከ ጡረተኛ ይችለዋል። አጠር ያለ የሚፈልግ ብስክሌት በሚጭነው የምዕራብ ሜሪላንድ የቱሪስት ባቡር ፍሮስትበርግ ወጥቶ 16 ማይል ያህል ይወርዳል። ቁልቁሉ ለስላሳ ቢሆንም ረጅም ነው፤ ፍሬናችሁን መኪናው ጋ ሳላችሁ ፈትሹ።

ቢግ ሳቬጅ ዋሻ በክረምት ይዘጋል፤ በግምት ከዲሴምበር አጋማሽ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ። በዚያ ወቅት ዲል ወይም ፍሮስትበርግ አቁማችሁ «በዋሻው እናልፋለን» ብትሉ በሩ ላይ ትመለሳላችሁ፤ ዙሪያውን ያለው የመኪና መንገድ ዳገትና ጠባብ ነው።

ከዲል እስከ ፒትስበርግ

ዲል (25) ለውሃ ከፋዩ ቅርቡ ማቆሚያ ነው። ማየርስዴል፣ ሮክዉድ (44) እና ኮንፍሉወንስ (62) ትንንሽ ጸጥ ያሉ ከተሞች ናቸው፤ ማቆሚያው ከመንገዱ አጠገብ ነው።

ኦሃዮፓይል (72) የስቴት ፓርክ ነው። በበጋ በጎማ ጀልባ ወንዝ የሚወርዱ ሰዎች ከጠዋት ጀምሮ ይሞሉታል። መኪና ለማሳደር ፓርኩ ቢሮ አስመዝግባችሁ እነሱ ባሳዩዋችሁ ቦታ ብቻ አቁሙ። ቅዳሜ ጠዋት ዘግይታችሁ ከምትደርሱ ኮንፍሉወንስ አቁማችሁ ወደ ኦሃዮፓይል 10 ማይል ብትነዱ ይሻላል፤ ከጋፕ ውብ ክፍሎች አንዱም እሱ ነው።

ኮነልስቪል (89) የባቡር ጣቢያ አለው። ዌስት ኒውተን (114) ከፒትስበርግ ለሚነሳ የአንድ ቀን ጉዞ ተመራጭ ነው። ቦስተን የምትባለው ትንሽ ከተማ (የማሳቹሴትሷ አይደለችም፤ ካርታ ላይ ፔንስልቬንያ ብላችሁ ጨምሩ) ወንዙ ዳር ሰፊ ማቆሚያ አላት፤ ከተማ መግባት የማይፈልግ ሰው ከዚያ ይጀምራል።

ሆምስቴድ ላይ መንገዱ በትልቅ የገበያ ማዕከል አጠገብ ያልፋል። ሰፊ ባዶ ማቆሚያ አይታችሁ አትጎምጁ፤ የግል ነው፣ ለሸማች ነው። ፒትስበርግ ውስጥ ደግሞ መንገዱ የሚያበቃበት ፖይንት ስቴት ፓርክ መኪና ማቆሚያ የለውም። መሀል ከተማ ያሉ ፎቅ ማቆሚያዎችን ተጠቀሙ፤ ፈርስት አቬኑ ያለው ለመንገዱ ቅርብ ነው፣ ግራንት ስትሪት ያለው ደግሞ ለአምትራክ ጣቢያው።

ሁለት መኪና፣ አንድ መያዣ

1. መኪና ሀ እና መኪና ለ ሁሉንም ብስክሌቶች ይዘው ወደ መድረሻው ይሄዳሉ።
2. መኪና ለ እዚያ ይቆማል። ብስክሌቶቹ፣ ውሃው፣ ምግቡ ሁሉ መኪና ሀ ላይ ይሆናል።
3. መኪና ሀ ሁሉንም ሰው ወደ መነሻው ይወስዳል፤ ጉዞው ይጀመራል።
4. መድረሻው ላይ ሁሉም በመኪና ለ ተመልሶ መኪና ሀን ያነሳል።

ሁለት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው ቁልፍ ነው፦ የመኪና ለ ቁልፍ መኪና ሀ ውስጥ ባለ ጃኬት ኪስ ይረሳል። ከመነሳታችሁ በፊት ቁልፎቹን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ ለእያንዳንዳችሁ አሳዩ። ሁለተኛው የብስክሌት መያዣው ነው፦ መያዣው መኪና ሀ ላይ ቀርቷል፤ ጉዞው ሲያልቅ አራት ብስክሌትና መያዣ የሌለው መኪና ለ ይጠብቃችኋል። ወይ ለሁለቱም መያዣ ይኑራችሁ፣ ወይ አንድ ሰው ብስክሌቶቹን እየጠበቀ ይቅር። ቆላፊ ሰንሰለት ይዛችሁ ቢሆንም ብቻቸውን አትተዉዋቸው።

ርቀቱን ስታሰሉ ጭነት ባለው ብስክሌት በካናሉ ዳር በሰዓት ከ8 እስከ 10 ማይል አስቡ። ከብረንዝዊክ እስከ ግሬት ፎልስ 41 ማይል ያህል ነው፤ ከምሳና ከእረፍት ጋር ሰባት ሰዓት ይፈጃል። መኪናውን ማዘዋወሩ ብቻውን ጠዋት ሁለት ሰዓት ይበላል። የግሬት ፎልስ በር ሲመሽ እንደሚዘጋ አስታውሱና 9 ሰዓት ላይ ፔዳል ላይ ካልሆናችሁ መድረሻውን አሳጥሩ።

ማቆሚያው ላይ

ከኋላ የሚገጠም መያዣ ስትጠቀሙ ታርጋው መታየቱን አረጋግጡ፤ የተሸፈነ ታርጋ ቲኬት ነው። ባዶውን መያዣ በቁልፍ አስሩት ወይም ውስጥ አስገቡት። ዕቃን ወደ ኋላ ሻንጣ የምታዛውሩት ቤት ሳላችሁ ይሁን፤ ማቆሚያው ላይ ቦርሳ ስትደብቁ የሚያይ ሰው ካለ ደበቃችሁ አይባልም። መስኮት ላይ የስልክ ገመድም ቢሆን አይታይ።

የመንገዱን የብረት በር አትዝጉ። በሩ ተቆልፎ ቢታይም አምቡላንስና የጥገና መኪና የሚገባበት ነው፤ እዚያ የቆመ መኪና መጀመሪያ ይነሳል።

ለብዙ ቀን ስትተዉ የውስጥ መብራት መጥፋቱን እዩ፣ ባትሪው ያረጀ ከሆነ ማስነሻ ገመድ ወይም ተንቀሳቃሽ ማስነሻ በኋላ ሻንጣው ይኑር። የማቆሚያውን ስምና የቆማችሁበትን ቦታ ፎቶ አንሱ። በመጨረሻው ቀን የምትቀይሩት ደረቅ ልብስና አንድ ጄሪካን የመታጠቢያ ውሃ መኪናው ውስጥ ይቆይ፤ የካናሉ ጭቃ ወንበር ላይ ከደረቀ አይለቅም።

ወንዙንም እዩ። ፍሌቸርስ፣ ኤድዋርድስ ፌሪ፣ ኋይትስ ፌሪና ፖይንት ኦፍ ሮክስ ከፖቶማክ ጋር እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ዌስት ቨርጂኒያ ተራሮች ላይ የጣለ ዝናብ እዚህ የሚደርሰው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ነው፤ ዲሲ ፀሐይ ወጥታ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት የብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎትን የወንዝ ትንበያ ለፖይንት ኦፍ ሮክስ ተመልከቱ፤ እዚያ የጎርፍ ልክ 16 ጫማ ነው። ትንበያው ወደዚያ እየተጠጋ ከሆነ መኪናችሁን ከወንዙ ከፍ ባለ ከተማ ውስጥ ተዉት።

አምትራክን ስትጠቀሙ

ዋሽንግተንን፣ ከምበርላንድንና ፒትስበርግን የሚያገናኘው ባቡር እስከ ኖቬምበር 2024 ካፒቶል ሊሚትድ ይባል ነበር፤ አሁን ፍሎሪዲያን ነው፣ ከቺካጎ በዋሽንግተን አልፎ ማያሚ ይደርሳል። በቀን በእያንዳንዱ አቅጣጫ አንድ ብቻ ነው። ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ፒትስበርግን ሳይነጋ ለቆ ከምበርላንድ ጠዋት ይደርሳል፣ ዋሽንግተን ቀትር አካባቢ። ወደ ምዕራብ የሚሄደው ከዋሽንግተን ከሰዓት በኋላ ይነሳል፣ ፒትስበርግ እኩለ ሌሊት አካባቢ ይገባል።

ለብስክሌት የተለየ ቦታ ማስያዝ ያስፈልጋል፤ ቦታው ጥቂት ስለሆነ መኪና ማቆሚያውን ከመወሰናችሁም በፊት እሱን ቁረጡ። ከምበርላንድ ባቡሩ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ሻንጣዎቹን ከብስክሌቱ ፈትታችሁ በአንድ ትልቅ ከረጢት ጠቅልላችሁ መድረኩ ላይ ጠብቁ፤ ፉርጎው የት እንደሚቆም የጣቢያ ሠራተኛ ወይም ኮንዳክተር ጠይቁ።

ባቡሩ ሐዲዱን ከጭነት ባቡሮች ጋር ስለሚጋራ መዘግየቱ የተለመደ ነው። መኪናችሁ ያለው ሲመሽ በሚቆለፍ ማቆሚያ ከሆነ በባቡሩ ቀን አነሳዋለሁ አትበሉ። ዘግይታችሁ ደርሳችሁ በሩ ተቆልፎ ብታገኙት ምልክቱ ላይ ወዳለው የፓርክ ፖሊስ ቁጥር ደውሉ። በሩን በጉልበት ማንሳት ወይም በሣሩ ዞሮ ለመውጣት መሞከር ከማቆሚያው ቲኬት የበለጠ ቅጣት ያመጣል።